ጸሎተ ሐሙስን አትዝለዪው

ልጄ፣ የሰጠሽኝ ተውኔት ሦስት ቀን ከእኔ ጋር ሰነበተ። ቋንቋሽ ያምራል። ትንሹ ካሣ፣ የነገው ቴዎድሮስ፣ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ሲባል መልስ ሳይሰጥ ዘንጉን መሬት ላይ የሚያሽከረክርበት ቦታ ላይ ስደርስ ደብተሩን አጥፌ፣ ጉምና ዝናብ የሸፈነውን ጉና እያየሁ ቆየሁ። እንዲህ ያለ ዝምታ መጻፍ የምትችል ልጅ ምክር አያስፈልጋትም ብዬ ደብተሩን ልመልስልሽ አስቤ ነበር። ግን አንቺው «ጋሼ፣ ሳይሳሱ ይንገሩኝ» ብለሽኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ ይዤ መድረክ ላይ ስወጣና ስወርድ የተማርኩትን ሳልነግርሽ ብቀር ደግሞ እኔን ይቆጨኛል።

አንድ ቃል ቆጠርኩ። «ከዱኝ» የሚለው በአምስቱ ገቢሮች ውስጥ አሥራ ሰባት ጊዜ ተጽፏል። ቄሱ ከዳው፤ መኳንንቱ ከዱት፤ ገበሬው ከዳው፤ እንግሊዝ ከዳው። መጨረሻ ላይ ሽጉጡን ሲጠጣ በመድረኩ ላይ ካሉት ሁሉ ንጹሕ እሱ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ንጹሕ ሰው በክፉዎች እጅ ሲወድቅ ተመልካች ያለቅሳል፤ ይናደዳልም። ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ራሱን የሚጠይቀው ነገር የለውም። ክፉዎቹ ሌሎች ናቸዋ።

ስለ ቴዎድሮስ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ጽፈዋል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ጽፏል፤ ጌትነት እንየው «የቴዎድሮስ ራዕይ»ን ለመድረክ አብቅቷል። እነሱ የነበራቸው፣ አንቺ ገና የምትደርሺበት ብዙ ነገር አለ። አንቺ ደግሞ ከሁሉም የተለየ አንድ ነገር አለሽ፤ ያደግሽው እሱ በኖረበትና እሱ ባቃጠለው ከተማ ነው። ይህን በተውኔትሽ ውስጥ ፈለግሁት፤ አላገኘሁትም። ሦስተኛው ገቢር ጋፋት ላይ መድፉ ሴባስቶፖል ሲሠራ በእልልታ ያልቃል፤ አራተኛው መቅደላ ላይ ይጀምራል። በመካከሉ ያለውን ስድስት ወር ዘለልሽው።

እስቲ የዘለልሽውን አብረን እንየው። ጋፋት ላይ የነበሩት አውሮፓውያን አብዛኞቹ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። መድፍ ሥሩ ተባሉ፤ አናውቅም ቢሉም ሥሩ ተባሉ፤ ሞከሩ፤ ከሸፈ፤ እንደገና ሞከሩ፤ ሆነ። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥሎ፣ ያን ብረት በሰው ትከሻና በሰው ክንድ እያስጎተተ ወደ መቅደላ ተነሣ። በጋይንት አድርጎ፣ የዋድላንና የደላንታን ደጋ ተሻግሮ፣ በዚጣና በበሽሎ ገደል መንገድ እየቀደደ፣ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። መንገዱን ሲያሠራ እሱ ራሱ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ይፈነቅል እንደነበር አብረውት የነበሩት ጽፈዋል። ልብሽን የሚነካው ይኼ መሆኑን አውቃለሁ፤ የእኔንም ይነካዋል። ንጉሥ ከወታደሩ ጋር ድንጋይ ሲሸከም! ነገር ግን ቤቷ ተቃጥሎ ጎተራዋ ባዶ የቀረው የፋርጣ እናት ያንን ሰው ከኋላ ነው ያየችው። ድንጋዩን ያነሣው እጅና ክብሪቱን ያዘዘው አፍ የአንድ ሰው ናቸው። የማይቻለውን ይቻላል ብሎ የተነሣው ልብ ነው አቤቱታ አልሰማም ያለውም። ሁለቱን ለይተሽ አንዱን ለእሱ፣ ሌላውን ለጠላቶቹ ከሰጠሽ፣ በእጅሽ የቀረው ሐውልት ነው፤ ሐውልት ደግሞ መድረክ ላይ አይራመድም።

አባቴ ነፍሳቸውን ይማረውና የቅኔ ተማሪ ነበሩ። ግስ ሲያወርዱ በልጅነቴ ከሰማኋቸው ቃላት አንዱ «ኀጥአ» ነው። አጣ፣ ሳተ፣ ሳያገኝ ቀረ ማለት ነው። ኃጢአት የመጣው ከዚህ ነው። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አሪስጣጣሊስ ስለ ትራጀዲ የጻፈውን ስማር፣ የጀግናው ውድቀት ከ«ሐማርቲያ» ይመጣል የሚለው ላይ ደረስን። መምህራችን ቃሉ ከቀስተኞች የመጣ ነው አሉን፤ ፍላጻው ኢላማውን ሲስት። ያን ቀን ከወንበሬ ልነሣ ነበር። ወንጌል በጽርዕ፣ በግሪክኛ፣ ሲጻፍ ለበደል የተመረጠው ቃል ይኸው ሐማርቲያ ነው፤ አባቶቻችንም ወደ ግዕዝ ሲመልሱት «ኃጢአት» አሉት። ጽርዑም ግዕዙም ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ይመስላሉ፤ ሁለቱም በሥራቸው ያለው መሳት ነው። ስለዚህ የሰቆቃ ተውኔት ስትጽፊ «የእኔ ሰው ክፋቱ ምንድን ነው?» ብለሽ አትነሺ። «ምን አጣ? ምን ሳተ?» በይ። የመጀመሪያው ጥያቄ ዳኛ ያደርግሻል፤ ሁለተኛው እናት ያደርግሻል።

እኔ ይህን ጥያቄ ብዙ ተውኔቶች ላይ ሞክሬው፣ ብዙ ጊዜ አንድ መልስ አግኝቻለሁ። የሚወድቀው ሰው ያጣው «ተው» የሚለውን ነው፤ ወይ ባዩን አጥቶታል፣ ወይ ቃሉን የሚሰማበትን ጆሮ። እኛ አገር ይህን ማስረዳት አያሻም። ጠብ ሲነሣ ዘመድ «ተው» ይላል፤ ሽማግሌ ድንጋይ ተሸክሞ «ተው» ይላል፤ ሰካራም እንኳ «ተው በሉኝ» እያለ ይጣላል። ማክቤዝን ተመልከቺው። መግደል እንደማይገባው ያውቃል፤ እንግዳው ነው፣ ዘመዱ ነው፣ ንጉሡ ነው። ራሱን ተው ሲል ሚስቱ አድርገው አለችው፤ የእሱ «ተው» ደካማ ነበረ። ኦቴሎ ደግሞ የባሰ ነው። ያጎ መርዙን የሚረጨው እንደ ወዳጅ ሆኖ፣ ጌታዬ ቅናት ክፉ ነውና ተጠንቀቅ እያለ ነው። «ተው» የሚለውን ቅዱስ ቃል ራሱን መርዝ አደረገው። ጸጋዬ ሁለቱንም በአማርኛ አስጨብጦናል፤ እንደገና አንብቢያቸው፤ ለውበቱ አይደለም፣ ማን ማንን መቼ ተው እንዳለ እያሰመርሽ።

ከሁሉም በላይ ግን «አንቲጎኔ»ን አንብቢ። የሶፎክልስ ነው፤ ሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት አልፎታል። ክሬዎን የሚባል ንጉሥ አገሩን የወጋው ሰው እንዳይቀበር አዋጅ ያስነግራል፤ የሟች እህት አንቲጎኔ ወንድሜን እቀብራለሁ ብላ አፈር ታለብሰዋለች። ለደብረ ታቦር ተመልካች ይህ ታሪክ መግቢያ አያስፈልገውም። ክፉ ባላጋራ ቤት እንኳ ለቅሶ ይደረሳል፤ ሬሳ ሜዳ ላይ ይደር የሚል ሰው ሲሰማ አዳራሹ ይንጫጫል። ቢሆንም ሶፎክልስ ክሬዎንን አውሬ አላደረገውም። አገሩ ከእርስ በርስ ጦርነት ትናንት ነው የወጣችው፤ ሕግ ካልከበረ ነገ ትፈርሳለች የሚለው ውሸት አይደለም። ልጁ ሄሞን መጥቶ ተው አለው። ዓይነ ስውሩ ነቢይ መጥቶ ተው አለው። መጨረሻ ላይ እሺ ብሎ ሲሄድ እንኳ መጀመሪያ ሬሳውን ቀበረና ከዚያ በኋላ ወደ ታሰረችው ልጅ ሄደ፤ እሷ ግን ራሷን አንቃ ቆየችው። ያቺን ልጅ ቢያስቀድም ኖሮ! የሰው ልጅ ተጸጽቶም ኢላማ ይስታል፤ ይኼን ባሰብኩ ቁጥር እንቅልፍ ያሳጣኛል።

አሁን ወደ ንጉሥሽ ተመለሺ። ካሣን ተው ሊሉ ይችሉ የነበሩትን ቁጠሪልኝ። ሚስቱ፣ የራስ ዓሊ ልጅ ተዋበች፣ በ1850 ዓ.ም. ሞቱ። ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ይሉት የነበረው እንግሊዛዊ ወዳጁ ጆን ቤል በ1853 ዓ.ም. ጥቅምት እሱን ሲከላከል ወደቀ። ጳጳሱ አቡነ ሰላማ መቅደላ ላይ ታስረው እዚያው ሞቱ። ሁለቱን ሞት ወሰደበት፤ ሦስተኛውን አፍ የዘጋው እሱ ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ በዙሪያው የቀሩት «አዎ» የሚሉ ናቸው፤ አዎ ባይ በበዛበት ድንኳን ደግሞ ከሃዲ በየቀኑ ይወለዳል። በ1855 ዓ.ም. ጥቅምት ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፈው ደብዳቤ መልስ ማጣቱ ንቀት ነበር፤ ይህን መጻፍሽ ትክክል ነው። ግን መልስ ያጣ ደብዳቤ ደብረ ታቦርን አላቃጠለም። ከንቀቱ እስከ እሳቱ ድረስ ያለውን መንገድ የሄደው እሱ ነው፤ ተመልካች ማየት የሚፈልገው ያን መንገድ ነው።

ስለ ቄሱሽም አንድ ነገር ልበል። በሁለተኛው ገቢር የምታመጪው ቄስ ሆዳም ነው፤ ገና ሲገባ ቅባት የነካ አፉን ይጠርጋል። ከዚያ ወዲያ የሚለውን ማን ይሰማዋል? ንጉሡ ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የተረፈው መሬት ወታደር ያብላ ሲል አገር የሚያስብ ሰው ንግግር ነው። ወታደሩ ደመወዝ ቢያገኝ ገበሬውን አይዘርፍም ነበር። ግን ቄሱም የሚለው አለው። ያ መሬት የጋይንቷን ቤተልሔም የድጓ መምህር ያኖራል፤ የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን ይዞ የሚለምነው ከዚያ መሬት ከሚበላ ገበሬ ነው፤ መሬቱ ሲሄድ ዜማው ይሄዳል። ቄሱ ይህን ባማረ አማርኛ ይናገር። እንዲያውም ከንጉሡ የበለጠ የሚያምረውን ንግግር ለእሱ ስጪው። ተመልካቹ በአንድ ምሽት ሁለት ጊዜ «እውነቱን ነው» ብሎ ካልተነፈሰ ግጭት አልጻፍሽም፤ ያሳየሽው ሁካታ ነው።

ክፉ ሰው ሳይኖር ሰቆቃ እንደሚኖር ካላመንሽኝ፣ ከዚሁ ከተማ ሌላ ታሪክ ላሳይሽ። ራስ ጉግሳ ወሌ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ናቸው። የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ሚስታቸው ነበሩ። ዘውዲቱ ሲነግሡ ሁለቱ እንዲለያዩ ተደረገ፤ ራስ ጉግሳም በበጌምድር፣ በዚህችው ደብረ ታቦር ተቀመጡ። በ1922 ዓ.ም. በአልጋ ወራሹ በተፈሪ ላይ ሸፈቱ። መጋቢት 22 ቀን አንቺም በተባለ ስፍራ ሲገጥሙ አውሮፕላን በላያቸው መጣ፤ የጳጳሱን ውግዘት የያዘ ወረቀትና ቦምብ ጣለባቸው። ራስ ጉግሳ እዚያው ወደቁ። ንግሥት ዘውዲቱ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ አዲስ አበባ ላይ አረፉ። እስቲ በዚህ ውስጥ ክፉው ማን ነው? ተፈሪ አገሩን ወደ አዲስ ዘመን ሊያስገባ ይሮጣል። ጉግሳ ክብሩንና ቤቱን ተነጥቋል። ዘውዲቱ ዘውዳቸው ከአንዱ ጋር ነው፣ ልባቸው ከሌላው ጋር ሊሆን ይችላል። ሦስቱም የሚሉት አላቸው። ይህን አንድ ቀን ጻፊው፤ አሁን ግን የጀመርሽውን ጨርሺ።

በነገራችን ላይ ዕጣ ሲገለበጥ ለማሳየት የደብረ ታቦርን ሜዳ የሚያህል የለም። በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ እዚሁ ራስ ዓሊን አሸንፈው፣ ድል አድራጊው ድንኳን ውስጥ ደስታ ላይ ሳሉ፣ የራስ ዓሊ ወገን ብሩ አሊጋዝ ደርሶ ማረካቸው። የሸሸው ራስ ዓሊ ተፈልጎ ወደ ሥልጣኑ ተመለሰ። ግሪኮቹ ዕጣው በአንዴ ሲዞር ስም አውጥተውለት ነበር፤ እኛ ስሙን ባናወጣለትም ቦታው ግን አለን።

የመዘምራኑን ነገርም እንዳልረሳው። የግሪክ ትራጀዲ ኅብረት አለው፤ ከወዲያ ወዲህ እየዞረ በዜማ የሚናገር፣ ንጉሡን የሚመክር፣ የሚፈራም ሕዝብ። አንቺ በማስታወሻሽ ላይ ነጭ ጨርቅ የለበሱ ሰዎች እንደ ግሪክ ልታቆሚ አስበሻል። ለምን ሩቅ ትሄጃለሽ? ደብረ ታቦር ኢየሱስ ማኅሌት ሲቆም ሄደሽ ተመልከቺ። የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና አመጡት የሚባለው የተክሌ አቋቋም ሰውነትን እንደ ጣና ማዕበል ሲያወዛውዝ፣ ሁለት ወገን ፊት ለፊት ቆሞ እየተቀባበለ ሲያዜም ታያለሽ። የቤተ ክርስቲያንን ዜማ መድረክ ላይ አታውጪው፤ ይህን እለምንሻለሁ። አቋቋሙን፣ ፊት ለፊት መተያየቱን፣ መቀባበሉን ተማሪበት። ንጉሡ በሁለቱ ረድፍ መካከል ሲያልፍ አንዱ ረድፍ «አድርግ»፣ ሌላው «ተው» እንደሚል አስቢው።

ፉከራውንና ሽለላውን ደግሞ ቀንሺ። የእኛ ሰው ሽለላ ሲሰማ ደሙ ይፈላል፣ ያጨበጭባል፤ አንቺ ደግሞ ጭብጨባው ጣፍጦሽ አምስት ቦታ አስገብተሻል። አንዱ ይበቃል።

አሁን የምነግርሽ ከራሴ ነው። ብዙ ዓመት ሆነው። እንዳንቺ ቴዎድሮስን ከተማሪዎቼ ጋር ለመድረክ ሳዘጋጅ፣ ንጉሡን እንዲጫወት የመረጥኩት ልጅ ድምፀ መረዋ፣ ቁመናው የሚያምር፣ አንባቢ ነበር። አንድ ቀን ልምምድ ላይ እጁን አነሣና «መምህር፣ የእስላምጌው የት አለ?» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አውቄያለሁ። መቅደላ ላይ በጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ እስረኞች እህልና ውሃ እያሉ ሲጮኹ ንጉሡ ተቆጥቶ ብዙዎቹን ገድሎ ከእስላምጌ ገደል ያስወረወረበትን ነው። «እሱ አያስፈልግም፤ ጀግናችንን ለጠላት አንሰጥም» አልኩት። ልጁ ግን አልተወም። ያን ካላየን በመጨረሻው ለምን እናለቅስለታለን አለኝ፤ በጓደኞቹ ፊት፣ በትሕትና። እኔ የሰማሁት ትሕትናውን ሳይሆን «በጓደኞቹ ፊት» የሚለውን ነው። በማግሥቱ ዘውዱን ከእሱ ወስጄ ለሌላ ልጅ ሰጠሁ። እሱን መጋረጃ ስቦ እንዲከፍትና እንዲዘጋ አደረግሁት።

አላጉረመረመም። ሁሉንም ልምምድ መጣ። በዕለቱም መጋረጃውን አንድም ጊዜ ሳይሳሳት ከፈተ፣ ዘጋ። ዝምታውን እሺታ አድርጌ ወሰድኩት። ተውኔቱ ሲያልቅ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ግን አንድም ሰው ዓይኑን ሲጠርግ አላየሁም። በር ላይ ቆሜ የሚወጣውን ሰው ስሰማ ስለ በግ ዋጋና ስለ ነገው ገበያ ያወራል። ዓመታት አልፈው «አንቲጎኔ»ን ለተማሪዎቼ ሳስተምር፣ ሄሞን አባቱን በአክብሮት ሲለምን፣ ክሬዎንም «ልጅ ሊያስተምረኝ ነው?» በሚል ስሜት ሲቆጣ፣ ያ ልጅ የመጋረጃውን ገመድ ይዞ ቆሞ ታየኝ። መጽሐፉን ዘግቼ ክፍሉን ቀድሜ ለቀቅሁ። ልጁ ከዚያ ወዲያ መድረክ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ይቅርታ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም። ሰውዬው የት እንደሚኖር አውቃለሁ።

እኔ የቆረጥኩትን ትዕይንት ነው አንቺም የዘለልሽው። ለዚህ ነው ሦስት ቀን ያስቀመጥኩሽ። በዚያ ሐሙስ ሌሊት ንጉሡ ሲጸልይ፣ ኃጢአቱን እየተናዘዘ ፈጣሪውን ሲማጸን እንደነበር በአምባው የነበሩት ጽፈዋል። አስቢው፤ ምዕመናን ሁሉ ለሕማማት ሲሰግዱ፣ እግር አጠባ በሚደረግበት ቀን፣ የደም ሽታ ባለበት አምባ ላይ አንድ ሰው ብቻውን በጨለማ ተንበርክኳል። ያን ሌሊት ከራሱ ሌላ ከሃዲ አልነበረም። አርብ አሮጌ በሚባለው ሜዳ ላይ የጦር መሪው ገብርዬ ይወድቃል፤ ፋሲካ ይመጣል፤ በማግሥቱ ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ሠራዊት አምባውን ሲወጣ ሽጉጡን ይጠጣል። ያን ሐሙስ ሌሊት ያየ ተመልካች ሰኞን ሲያይ እንግሊዝን ብቻ አይመለከትም፤ ያን ሰው የገዛ ራሱ ዓይን ሲያየው ያያል። እንግሊዞቹ በ44 ዝሆን መሣሪያ ጭነው መጡ ብለሽ የጻፍሽው ያምራል፤ እውነትም ነው። ግን ዝሆኖቹ የመጡት ሐሙስ ሌሊት ወድቆ ወዳደረ ሰው ነው።

ልብ በይ፣ ይህን ትዕይንት በጥላቻ የምትጽፊው ከሆነ ተዪው። ከገደሉ የተጣሉት ሰዎችም እናት ነበራቸው፤ እህልና ውሃ ሲሉ ድምፃቸው በመድረክ ላይ ይሰማ። እሱንም አታጠቁሪው። አስለቃሽ ሟችን ስታወድስ ጉድለቱን በሰምና ወርቅ ጠቅሳ እንደምታልፍ ሁሉ፣ አንቺም ወደሽው ንገሪን።

ዝናቡ ሲያባራ፣ በመስከረም መጨረሻ፣ እሱ ከተማውን አቃጥሎ በወጣበት ሰሞን፣ በእግርሽ ጋፋት ድረስ ሂጂ። አደይ አበባው ሳይረግፍ ድረሺ። ከዚያ ወደ ጋይንት የሚሄደውን አቅጣጫ ቆመሽ እዪና ሰባት ቶን ብረት በትከሻሽ ላይ አስቢ፤ ዞረሽም ከተማሽ ሲጨስ አስቢ። ስትመለሺ አምስቱንም ገቢር ይዘሽ አትምጪ። የቄሱን ንግግርና የሐሙስን ሌሊት ብቻ ጽፈሽ ነይ። እኔም እስከዚያው አንድ ሰው ቤት ደርሼ እመጣለሁ። መጋረጃውን ማን እንደሚስብልሽ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።